የተቆለፈው ሰሌዳ

ሰኞ

የሳምንቱን ተራ ዛሬ ሰቀልኩ። ቅዳሜና እሁዴን የበላ ሥራ ነው። ሃያ አራት አልጋ አለ፤ ነርስ ከእኔ ጋር ዘጠኝ። ዘጠኙም ሰዎች ናቸው፤ ያማቸዋል፣ ያገባሉ፣ ዘመድ ይሞትባቸዋል፣ አውቶቡስ ያመልጣቸዋል። በወረቀት ሳወጣው እየሰረዙና እየደለዙ ማን መቼ እንደሚገባ እኔ ራሴ እስኪጠፋኝ አደረሱት። አሁን ሰሌዳው ላይ ሦስት ሲባጎ ወጥሬአለሁ፤ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለከሰዓት፣ አንዱ ለአዳር። እሱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ እሰካለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም። ሰው የጠፋበት ቦታ ላይ ቀዩን እሰካለሁ። ቀዩ እኔ ነኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ለራሴ ሦስት አዳር ቆርሻለሁ።

የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆኑት ሜትሮኗ መጥተው ቆመው አዩት። "ያምራል" አሉ። "እሁድ ጠዋት ግን ሰው አልበዛም?"

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰው ነው ያለው። ሰው ይጨመርልኝ ብዬ ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አስታወስኳቸው። "እስኪመጣ አብቃቂው" አሉኝ። አብቃቂው! ሰው እንደ ስኳር በማንኪያ የሚለካ ይመስል። ቆሽቴ አረረ። ከዚያ ምን አደረግኩ? አብቃቃሁት።

ማክሰኞ

ሰሌዳው ተነክቷል። ነገ አዳር ከእኔ ጋር የሰካሁት ቢጫው፣ ማለትም አዲሷ ልጅ፣ ወጥቶ ሰማያዊው ገብቷል። ማን አስፈቀደ? አሁን ጊዜ የለኝም። ሁለት በሽተኛ እየመጣብን ነው።

ሐሙስ፣ ከአዳር መልስ

ሰማያዊው ጠበቃው ነው። ነርስ ነው እንጂ ጠበቃ አይደለም፤ ለሰው ሁሉ ስለሚከራከር የወጣለት ስም ነው። ከጥበቃው ጋር ስለ በሽተኛ ጠያቂ ይከራከራል፣ ከፋርማሲው ጋር ስለ ጓንት ይከራከራል፣ ከእኔ ጋር ስለ ሁሉም። በመጪው ዓመት የሰመመን ሕክምና ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ ዕድሉን ለማግኘት አራት ዓመት ጠብቋል። የቀረው ንጹህ ማኅደር ብቻ ነው። ያልፍልህ ብዬዋለሁ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ትናንት ማታ ግን አናደደኝ። "ማን ቀየረህ?" ስለው "ተስማምተን ነው" አለኝ። "ከማን ጋር?" "ከልጅቷ ጋር ነዋ።" "ከእኔ ጋርስ?" ሳቀ። የመድኃኒት ጋሪውን ልይዝ ስል ቀደም ብሎ መያዣውን ጨበጠ። "አንቺ ቁጭ ብለሽ ወረቀቱን ሥሪ፤ ይሄን እኔ እገፋዋለሁ" አለኝ። ሃያ ዓመት መድኃኒት ያደልኩ ሴት ነኝ! ጋሪ መግፋት እንደማልችል አሮጊት! እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ስነቃ ሊነጋጋ ነበር። ወረቀቱ አልተሠራም። እንቅልፍ አይደለም፣ ዓይኔን ለአፍታ ጨፍኜ ነው።

ቅዳሜ

ቤት። እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀን ቀን የምታያት ሴት ተቀጥራለች፤ ሲመሽ ትሄዳለች። እኔ አዳር ስሆን የጎረቤት ልጅ ታድራለች፤ ሌላውን ሌሊት እኔ ነኝ። እማዬ ሌሊት ትጣራለች። ውሃ፣ ጀርባዬን አዙሪኝ፣ ትራሱን አስተካክይ፣ በሩ ተቆልፏል ወይ። አልፈርድባትም። ቀን ስትተኛ ትውላለች፤ ሌሊት ምን ታድርግ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ወንድሜ በሁለት ፌርማታ ርቀት ይኖራል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ያዝልኝ ብዬ ከጠየቅኩት ቆይቷል። መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ "ቆይ፣ እደውልልሻለሁ።" ዛሬም ጠየቅኩት። "ቆይ፣ እደውልልሻለሁ።" ለእሱ ደግሞ ምን ዓይነት መቆንጠጫ ልስካለት?

ምንም አይደለም። እችለዋለሁ። ከዚህ የባሰም ችያለሁ።

ሰኞ

ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ቅያሪ! አስተዋልኩት፤ ሁሉም የተቀየረው እኔ ባለሁበት ተራ ላይ ነው። አዲሷ ልጅ ትወጣለች፣ ጠበቃው ይገባል። ሙሽሪት ትወጣለች፣ እትዬ ይገባሉ። ሙሽሪት ባለፈው ያገባችው ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ ዕረፍት ካልሆንኩ ትዳሬ ፈረሰ የምትለዋ። ይኸው ለእኔ ተራ ሲሆን እሁዷንም ሰጥታ ትቀይራለች። እትዬ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ምንም ያልቀራቸው የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው አዳር ምን ያደርግላቸዋል?

ወይ ሊሰልሉኝ ነው፣ ወይ ልጆቹ ከእኔ ጋር መሥራት ጠልተዋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ

የማስታወቂያ ሣጥን ከስቶር አስወጣሁ። ባለ መስታወት፣ ባለ ቁልፍ። ሰሌዳውን ከነሲባጎው ከነመቆንጠጫው ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። ቁልፉ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነው። ጠበቃው መጥቶ በመስታወቱ አየና "መቆንጠጫዎቹ የመጠየቂያ ሰዓታቸው ስንት ነው?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ

ረጅም ቀን። ጠዋትም ከሰዓትም እኔ። ሙሽሪት ትኩሳት ይዟታል። ቀዩን ሰካሁ። ምሳ አልበላሁም። ዳቦ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ሳወጣው ተጨማድዶ ቁልፉ ላይ ተጣብቋል።

ዓርብ

ሰሌዳው ተቆልፎ እንኳ አልዳነም። ዛሬ ጠዋት አዲሷን ልጅ ስጠብቅ ጠበቃው ገባ። ሰሌዳው ቢጫ ይላል፤ ፊቴ የቆመው ሰማያዊ ነው። "ሰሌዳውን አላየህም?" "አይቼዋለሁ፤ ያምራል።" "ታዲያ?" "ልጅቷ አልመጣችም፣ እኔ መጥቻለሁ። በሽተኛው ምን ጎደለበት?" ደሜ ፈላ። በሽተኛ ፊት ጮህኩበት። ዘጠነኛው አልጋ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊ አንገታቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ያዩናል። ጠበቃው ጋሪውን ይዞ ሄደ።

ከሰዓት ለሜትሮኗ ጻፍኩ። አጭር ነው። "በተደጋጋሚ ያለ ፈቃድ ተራ በመቀየር የክፍሉን ሥራ አውኳል።"  ሜትሮኗ አንብበው "ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲቀጣ ሌላው ይማራል" አሉ። "ተግሣጽ ብቻ ይበቃዋል" አልኳቸው። "ተግሣጽ በጽሑፍ ነው፣ ማኅደር ውስጥ ይገባል" አሉኝ። ማኅደር ሲሉ አንድ ነገር ውስጤን ወጋ አደረገኝ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞም ሕግ ሕግ ነው። እኔ ነኝ እንዴ ቀይር ያልኩት?

እሁድ

ሻይ ክፍሉ በር ላይ ሰማሁ። እትዬ ለሙሽሪት ሲነግሯት፤ "በእሷ ተራ ብቻዋን እንዳትተዋት። ሻይ ስጫት፣ ቁጭ አድርጊያት።" ስገባ ሙሽሪት ብድግ ብላ "ሲስተር፣ ሻይ ልቅዳልዎት?" አለችኝ። አልፈልግም አልኳት።

ስለ አዲሷ ልጅ ነው የሚያወሩት መሰለኝ። ልጅቷ ፈሪ ናት፤ ደም ስር ስትፈልግ ይጠፋባታል። ካዘኑላት ለምን ለእኔ አይነግሩኝም?

ማክሰኞ

ቅያሪ ቆመ! ስለ ደብዳቤው ወሬው ደርሷቸዋል። ሰሌዳው የሚለውና ክፍሉ ውስጥ የሚታየው ሰው ዛሬ አንድ ነው። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር። የሚያናግረኝ ግን የለም። "እሺ ሲስተር፣ አዎ ሲስተር"፣ በቃ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጠበቃው ረቡዕ ሳምንት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ትምህርት ቤቱም ማኅደሩን በዚያው ሳምንት እንዲላክለት ጠይቋል አሉ። ይሄን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ… እንጃ።

ሐሙስ

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ትናንት ሌሊት እማዬ እንቅልፍ አልነበራትም፤ እኔም የለኝም። ጠዋት ተራው የእኔና የአዲሷ ልጅ ነው፤ ሌላ ሰው የለም። ቁርስ ከመቅረቡ በፊት የስኳር መርፌ ያላቸውን እየወጋሁ ሄድኩ። ዘጠነኛው አልጋ ጋ ደርሼ ኢንሱሊኑን ቀዳሁ፣ ሸሚዛቸውን ገለጥ አደረግኩ። ልብስ ሰፊው እጄን ያዙኝ።

"ሲስተር፣ ቅድም ወጋሽኝ እኮ።"

"መቼ?"

"ቅድም ነዋ፤ ያቺ ልጅ መጋረጃውን ስትከፍት።"

ካርዱ ላይ ፊርማ የለም። አልወጋሁዎትም አልኳቸው። ሆዳቸው ላይ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ቀይ ነጥብ፣ ገና ትኩስ። "የኔ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ የገባበትን ቦታ አልረሳም" አሉኝ ፈገግ ብለው።

መርፌውን ጣልኩት። እስከ እኩለ ቀን ስኳራቸውን እየደጋገምኩ ለካሁ። ደህና ናቸው። ምሳቸውንም በሉ። ሁለት ጊዜ አልወጋኋቸውም፤ ዋናው ይሄ ነው። ምንም አልደረሰም። ምንም ካልደረሰ ሪፖርት አይጻፍም።

ሙሽሪት ብትሆን ኖሮ አስጽፋት ነበር።

ዓርብ

ምንም አልደረሰም። ዛሬ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ልብስ ሰፊው ከዚህ እንደወጡ ጋዋኔን ሊያጠቡልኝ፣ አይ፣ ሊያጠብቡልኝ ነው ያሉት፤ ከስቻለሁ አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም። እኔም።

ሰኞ

እትዬ የአንሶላ ስቶር ውስጥ ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። አንሶላ ልንቆጥር መስሎኝ ነበር።

"ደብዳቤሽን ከሜትሮኗ ላይ ውሰጂ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሕጉን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።"

"አስተምሬሻለሁ። አሁን ደግሞ ስሚኝ። ልጁ ለምን ይቀይር እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"እኔን ለመናቅ ነዋ።"

እትዬ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። ጋሪው ላይ ተደግፌ ቆሜ ሳንቀላፋ ያዩኝ ጊዜ እንደነበር ነገሩኝ። የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል ሙሽሪት ከእጄ ላይ እንደወሰደችው፣ እኔም "አመሰግናለሁ" ብዬ እንዳለፍኩ ነገሩኝ። አላስታውስም። ጭራሽ አላስታውስም! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማከሩ። በእሷ ተራ ልጅ አይሁን፣ የበሰለ ሰው ይሁን ተባባሉ። ጠበቃውና እትዬ እየተፈራረቁ ተረከቡኝ። እኔን። እንደ በሽተኛ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ምን ብለን? ዕረፍት ውሰጂ ስንልሽ ማን ይተካኛል ትያለሽ። ቀዩን መቆንጠጫ ብንነቅለው መልሰሽ ትሰኪዋለሽ። ቀዩን መንካት ሲያቅተን ከጎኑ ያለውን ቀየርን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ አንቺ ግን አንዷን እንኳ አልሰጥም አልሽ።"

በሩን በርግጄ ወጣሁ። ተናድጄአለሁ። አሁንም፣ ይሄን ስጽፍ፣ ተናድጄአለሁ። ከኋላዬ ተማክረው፣ አዝነውልኝ፣ ሻይ አቅርበውልኝ! ክፍሉን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ስል እነሱ እኔን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። አፈርኩ። ይሄ ንዴት አይደለም፣ ሐፍረት ነው፤ እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጠበቃውን ዘወር አድርጌ አናገርኩት። "ኮሚቴው ሲጠይቅህ እውነቱን ንገራቸው" አልኩት። "የቱን እውነት?" አለኝ። "ታውቀዋለህ።" ጫማውን እያየ "እኔ የማውቀው ሰሌዳ አለማክበሬን ነው" አለኝ።

ማክሰኞ

ሜትሮኗ ጋ ሄድኩ። ደብዳቤዬን ልውሰድ አልኩ። "በመዝገብ ቤት አልፏል፤ ምክንያት ከሌለሽ አይመለስም" አሉኝ። ምክንያት አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ምክንያትሽ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ይቅርታ ስላደረግኩለት" አልኩ። "ይቅርታ የቤት ነው" አሉኝ። ፈሪ። ፈሪ ነኝ። ብናገር የክፍሉን ኃላፊነት ይነጥቁኛል። ከዚያ ምን ይቀረኛል? ሃያ ዓመት ሠርቼ ያገኘሁት ይሄው ክፍል ነው።

ባልናገርስ? አራት ዓመት የጠበቀው ልጅ በእኔ ፊርማ ይቀራል።

ረቡዕ

ኮሚቴው ጠባቧ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ሜትሮኗ፣ ከሰው ኃይል የመጣው ሰውዬ፣ እኔ እንደ ከሳሽ፣ ጠበቃው እንደ ተከሳሽ። ሰውዬው ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ አነበበው። በእሱ ድምፅ ሲነበብ እንዴት ያስጠላል።

"ለምን ቀየርክ?" አለው።

"ደስ ስላለኝ።"

"ደስ ስላለህ? አዳር በፈቃዱ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"አዳር እወዳለሁ።"

ለሁሉም ሰው የሚከራከረው ሰው ለራሱ ሦስት ቃል አጣ። እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሰውዬው ብዕሩን አነሳ። ሜትሮኗ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ መናገሬን ያወቅኩት ድምፄን ስሰማው ነው።

"ከእኔ ጋር ለመግባት ነው የቀየረው" አልኩ። "ብቻዬን መተው ስለማልችል።"

"አልገባኝም" አለ ሰውዬው።

"ሐሙስ ጠዋት፣ እሱ በሌለበት፣ ለአንድ በሽተኛ ሁለተኛ ኢንሱሊን ልወጋ ነበር። የመጀመሪያውን መውጋቴን ረስቼዋለሁ። ያዳነን በሽተኛው ነው። ሪፖርት አልጻፍኩም። ቀደም ሲልም ሌላ ነገር አድርጌ ነበር፤ እሱን አሁንም አላስታውሰውም።"

ጠበቃው "ሲስተር፣ ተይ" አለ። አልተውኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆሜ መተኛቴን፣ ሰሌዳውን መቆለፌን። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ሜትሮኗ "ሙሉ ሌሊት የተኛሽው መቼ ነው?" አሉኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። ለማስታወስ ሞከርኩ። እማዬ ከመውደቋ በፊት ይሆን? ሦስቱም መልሴን ይጠብቃሉ። እዚያው፣ ሰው ፊት፣ አለቀስኩ።

ክሱ ተነሳ። ማኅደሩ ንጹህ ሆኖ ይላካል። እኔ ሁለት ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ተራ ነርስ ሆኜ። ክፍሉን እትዬ ለጊዜው ይይዙታል። ለጊዜው የሚባል ነገር በዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆይ አውቃለሁ። ሰው መጨመርን በተመለከተ ሜትሮኗ "ይታያል" አሉ። ይኼን ጊዜ እንኳ "አብቃቁ" አላሉም፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ተከትሎ ደረሰብኝ። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ተቆጥቷል።

"ለምን ተናገርሽ? ትምህርቱ ሌላ ዓመትም አለ! እኔ እችለው ነበር።"

"እኔ አልቻልኩም" አልኩት።

ዓርብ

ቤት መዋል እንዴት ይሰለቻል። ክፍሉ እንዴት ሆኖ ይሆን? እትዬ ዓርብን ከእሁድ ጋር ያምታታሉ፤ በእርግጠኝነት ሙሽሪትን ሁለት አዳር ያከታትሏታል። ስልክ አንስቼ አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁትና ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ዛሬ ማታ እማዬ ጋ አንተ ነህ" አልኩት።

"ቆይ፣ እደውልልሻለሁ።"

"አትደውል። ና።"

 "ምን ሆነሻል?" አለኝ። ደህና ነኝ ልለው ነበር። "ሰው ልገድል ነበር" አልኩት። ሌላ የሚቀርበኝ ቃል አልነበረም።

ሲመሽ መጣ። ትራስ በብብቱ ይዟል። እማዬ በየት በኩል እንደምትገለበጥ፣ ውሃው የት እንደሆነ፣ ክኒኑ ከምግብ በኋላ እንደሆነ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ ስደግምበት "ገባኝ፣ እህቴ፣ ሂጂ ተኚ" አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ። ምናልባት ካቃተው እነሳለሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ

ፀሐዩ ገብቶ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ነቃሁ። ዘልዬ እማዬ ጋ ሄድኩ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተኝቷል። እማዬ ግን ነቅታለች፤ አኩርፋለች።

"ማታ ስንት ጊዜ ተጣራሁ" አለችኝ። "ወንድምሽ ነው የመጣው። አንቺ አልሰማሽም እንዴ?"

"አልሰማሁም፣ እማዬ።"

"በስምሽ እኮ ነው የጠራሁት።"

"አልሰማሁም" አልኳት።